የጎረቤት ፉክክር ወደ ሜዳው ይመለስ

ስለ ኢትዮጵያ እግር ኳስ በሚነገረውና በሚጻፈው ውስጥ ባለፉት ዓመታት ሥር የሰደደ አንድ አስተሳሰብ አለ። በአጎራባች ከተሞች ቡድኖች መካከል የሚደረግ ፉክክር የጥላቻ መፈልፈያ ስለ ሆነ፣ ደጋፊ ከደጋፊ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝባቸው ግጥሚያዎች ወይ መቅረት፣ ወይ ወደ ሩቅ ሜዳ መወሰድ አለባቸው፤ ወጣቱም የጎረቤቱ ቡድን ባላንጣ ከሚሆን በቴሌቪዥን የሚያየውን የእንግሊዝ ክለብ ቢደግፍ ለሁሉም ሰላም ነው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ በአስተዳዳሪዎች፣ በወላጆች፣ አልፎ ተርፎም በስፖርቱ ሰዎች ዘንድ ማስረጃ የማያስፈልገው እውነት ተደርጎ ስለ ተያዘ፣ የሚሞግተው ሰው እምብዛም አይገኝም። የዚህ መጣጥፍ አቋም ግን ተቃራኒው ነው፤ የጎረቤት ፉክክር በሥርዐት ከተያዘ አብሮ መኖርን ከሚያስተምሩ ጥቂት የአደባባይ ልማዶች አንዱ ነው፣ እርሱን ማጥፋትም ጠቡን ሳይቀንስ የመገናኛውን መንገድ ብቻ ይዘጋል።

ክርክሩ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ሊነሣ ቢችልም፣ እንደ ሸዋ ሮቢትና እንደ ይፋት ቆላ አጥብቆ የሚመለከተው አካባቢ ግን ጥቂት ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል ተወርዶ ደብረ ሲና ከታለፈች በኋላ፣ ደጋው አልቆ ሙቀቱ በሚጀምርበት ሜዳ ላይ የምትገኝ፣ በቀወት ወረዳ የተከበበች፣ በሽንኩርቷ፣ በማንጎዋ፣ በማሾዋና ለረጅም ጊዜ በትምባሆ እርሻዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን በዚያው አስፋልት ላይ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራ ቆሬና ከሚሴ ይከተላሉ፤ በስተምሥራቅ የአፋር ቆላ ይዘረጋል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በእነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ተጎራብተው ይኖራሉ፤ የሰንበቴን የእሑድ ገበያ የመሰለ አራቱንም ሕዝቦች በአንድ ሜዳ የሚያሰባስብ ገበያም አላቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሣው የይፋት ሱልጣኔት የቆመው ደጋውን ከዘይላ ወደብ በሚያገናኘው ንግድ ላይ እንደ ነበረ ሲታሰብ፣ ይህ ምድር የተለያየ ሕዝብ በመገናኘቱ ሲኖር ዘመናት መቆጠራቸው ግልጽ ይሆናል። እንዲህ ያለ አካባቢ ሰዎችን የሚያገናኝ ልማድ ሲያጣ የሚደርስበት ጉዳት ከሌላው የከፋ ነው።

ለተቃራኒው ወገን ተገቢውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል፤ ባዶ እጁን የሚከራከር ወገን አይደለምና። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ ከተማ መቐለ ከተማን ልታስተናግድ በተዘጋጀችበት ዕለት ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት አልፏል። ከዚያ በኋላ በአማራና በትግራይ ክለቦች መካከል የሚደረጉ ግጥሚያዎች የት ይደረጉ የሚለው ጥያቄ ከኳሱ በላይ መነጋገሪያ ሆኖ ከርሟል። መቐለ 70 እንደርታና ፋሲል ከነማ ለዋንጫ እስከ መጨረሻው ሳምንት በተፎካከሩበት፣ መቐለም ዋንጫውን በወሰደበት በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ደጋፊነት የፖለቲካ አቋም መግለጫ ሆኖ ነበር። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ፉክክርን ቢፈራ አያስወቅሰውም። የሚያስወቅሰው ከፍርሃቱ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ነው።

መደምደሚያው የተሳሳተው ጠብ የታየበትን ቦታ ጠብ ከተወለደበት ቦታ ጋር ስላምታታ ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ሜዳ ላይ የፈነዳው ነገር ከሜዳ ውጭ ለዓመታት ሲጠራቀም የቆየ የወሰን፣ የማንነትና የሥልጣን ውዝግብ ነበር። ይህ ውዝግብ ስታዲየም ባይኖር ኖሮ በአውቶቡስ መናኸሪያ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ወይም በገበያ መፈንዳቱ አይቀርም ነበር፤ በእነዚህ ሁሉ ቦታዎችም በየጊዜው ፈንድቷል። ይፋት ለዚህ ከማንም በላይ ምስክር ናት። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋም ሰው ሲሞትና ሲፈናቀል፣ ለእልቂቱ ምክንያት ይሆናል ተብሎ የሚጠቀስ አንድም የእግር ኳስ ግጥሚያ አልነበረም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲደርስም እንደዚሁ። ፉክክር የግጭት እናት ቢሆን ኖሮ፣ በአንደኛው የሊግ እርከን የሚጫወት ክለብ የሌላቸው እነዚህ ከተሞች ከአገሪቱ ሁሉ ሰላማዊ መሆን ነበረባቸው።

ይህ ስሕተት በኢትዮጵያ ብቻ የተሠራ አይደለም። በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ሦስት ጊዜ ተጋጥመው፣ በሐምሌ ወር ለአራት ቀናት ያህል የዘለቀ ጦርነት ውስጥ ስለ ገቡ ጦርነቱ እስከ ዛሬ የእግር ኳስ ጦርነት እየተባለ ይጠራል። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ በፊት 300,000 ያህል የኤል ሳልቫዶር ተወላጆች መሬት ፍለጋ ወደ ሆንዱራስ ገብተው ሰፍረው ነበር፤ የሆንዱራስ መንግሥት የመሬት ሥሪት ለውጥ ባወጀ ጊዜም እነዚህ ሰፋሪዎች ከያዙት መሬት መባረር ጀምረው ነበር። ግጥሚያዎቹ የተደረጉት በዚህ ቁጣ መካከል ነው። ጦርነቱን በኳስ ስም የሚጠራ ሰው ስለ መሬቱ መጠየቅ ይረሳል፤ በኢትዮጵያም ስለ ሜዳ ረብሻ ብቻ የሚያወራ ሰው ረብሻውን ስላመጣው የአስተዳደር ጉድለት ሳይጠይቅ ያልፋል። ፉክክርን የመውቀስ ልማድ የሰነበተበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ጥፋቱ የሃያ ዓመት ወጣት ላይ ሲጣል፣ ወጣቱን በዚያ ስሜት ያሳደጉት ሰዎች ከተጠያቂነት ይድናሉ።

ከተጠያቂነት የዳነው ዋናው ጉዳይ የክለቦቹ አቋም ነው። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ ወይም ከክልል አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው፤ የተጫዋቹ ደመወዝ፣ የአሠልጣኙ ሹመት፣ የክለቡ ቦርድ ሁሉ ከአስተዳደሩ ጋር የተያያዘ ነው። አስተዳዳሪዎች በማይስማሙበት ጊዜ ቡድኖቻቸው የአለመስማማቱ ወኪሎች ሆነው ወደ ሜዳ ይገባሉ፤ ደጋፊውም የሚዘምረው ለኳስ ይሁን ለአስተዳደሩ መለየት ያቅተዋል። የዚህ በሽታ መድኃኒት ክለቡን ከአስተዳደሩ እጅ አውጥቶ በአባላቱ መዋጮና ምርጫ እንዲቆም ማድረግ ነው። ግጥሚያውን ማስቀረት በሽታውን እንዳለ ትቶ ምልክቱን መሸፈን ነው።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክም የተለመደውን አስተሳሰብ አይደግፍም። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ በጣሊያን ወረራ ዘመን የኢትዮጵያውያን መሰባሰቢያ ነበር። ከነጻነት በኋላ፣ በ1944 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የመጀመሪያው የአገሪቱ ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሳተፉት አምስት ቡድኖች በአዲስ አበባ የሚኖሩትን ልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች የሚወክሉ ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ጣሊያኖች በፎርቲቱዶ፣ አርመኖች በአራራት፣ ግሪኮች በኦሎምፒያኮስ፣ እንግሊዞች በወታደራዊ ተልእኳቸው ቡድን ተሰልፈዋል። ወረራው ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ሐዘንም ከየቤቱ አልወጣም ነበር። ዛሬ በየስብሰባው የሚሰማው አመክንዮ በዚያን ጊዜ ቢሠራበት ኖሮ፣ በአርበኛው ልጅና በጣሊያናዊው ነዋሪ መካከል ሊደረግ የሚገባው የመጨረሻ ነገር ግጥሚያ በሆነ ነበር። የተደረገው ግን ሁለቱን በአንድ ዳኛና በአንድ ሕግ ሥር ማቆም ነበር፤ የኢትዮጵያ ሊግም ከዚያ ተወለደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመንም ይህንኑ ያጸናል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአውራጃ ስም የሚጠሩት የአስመራዎቹ ሐማሴንና አካለ ጉዛይ፣ እንዲሁም የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ቡድኖች ጋር እየተናጠቁ ወስደውታል። የሦስቱ ከተሞች ፉክክር ብርቱ ነበር፤ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድንም የተገነባው ከዚያ ፉክክር ባደጉ ተጫዋቾች ነው። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበር፤ ከእርሱ ጋር የተሰለፈው መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ለመሸናነፍ የሚፈላለጉ ከተሞች አንዱ የሌላውን ልጅ አቅም ያውቁ ነበርና፣ አገር በጠራቻቸው ጊዜ በአንድ ማልያ መሰለፍ አላስቸገራቸውም። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አላነሣችም።

ከእግር ኳስ በፊትም አገሩ የራሱ የፉክክር ሥርዐት ነበረው። በሸዋ ደጋ የገና ጨዋታ ሲመጣ መንደር ከመንደር፣ ላይኛው ከታችኛው ቡድን ለይቶ፣ ዱላውን ይዞ ጥንጓን እያሳደደ ይውላል፤ በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን በግጥም ቢነካው፣ በሩጫ ቢቀድመው፣ በዱላ ቢመታውም እንኳ ጌታው መቆጣት እንደማይገባው በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ሕግ ነው። ይህ ሥርዐት የሰውን የመፎካከር ስሜት አልካደውም፣ አልፈራውምም፤ ቀን ቆርጦለት፣ ወሰን አበጅቶለት፣ ከወሰኑ ውጭ ያለውን ቂም ነውር አድርጎታል። ነውርን የሚያስጠብቀው ደግሞ በማግስቱ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወንዝ ውኃ መቅዳታቸውና በአንድ ገበያ መዋላቸው ነው።

እዚህ ላይ የክርክሩ ዋና ነጥብ ይመጣል። ባላንጣነት ከጠላትነት የሚለየው ባላንጣ ተመልሶ እንዲመጣ የሚፈለግ ሰው በመሆኑ ነው። ጠላት ቢጠፋ ጠላቱ ደስ ይለዋል፤ ተፎካካሪ ቡድን ግን ተፎካካሪው ቢጠፋ የሚያሸንፈው ያጣል፣ ዓመቱም ይባዝንበታል። በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የሚያደርገው ግጥሚያ፣ ማለትም በስፖርት ሰዎች ዘንድ ደርቢ የሚባለው በአንድ ከተማ ወይም በጎረቤታሞች መካከል የሚደረግ ግጥሚያ፣ ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው። ለአሥርት ዓመታት አዲስ አበባን ለሁለት ሲከፍላት የኖረ ፉክክር ነው፤ አልፎ አልፎም ረብሻ አላጣውም። ይሁን እንጂ የሚከፍላት መስመር በብሔርና በሃይማኖት ላይ የማያልፍ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ወንድምን ከወንድም፣ አባትን ከልጅ በማልያ የሚለይ መስመር ነው። ቡና በ2003 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሣ የደጋፊው ደስታ ያን ያህል የበዛው ዋንጫው የተነጠቀው ከማን እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። ፈረሰኞቹ የሚባሉት ጊዮርጊሶች ባይኖሩ ቡናማዎቹ ያን ደስታ ከየት ያገኙት ነበር?

ሰው በአንድ መስመር ብቻ ሲከፈል አደጋ አለ፤ በብዙ መስመሮች ሲከፈልና መስመሮቹ እርስ በርሳቸው ሲሻገሩ ግን አንዱ ቁርሾ ሌላውን ያለዝበዋል። በሸዋ ሮቢት አንድ ቡድን ውስጥ የአማራው፣ የአርጎባውና የኦሮሞው ልጅ አብረው ከተሰለፉና አጣዬን ለማሸነፍ አብረው ከሮጡ፣ አጣዬም በተመሳሳይ ቅልቅል ከመጣች፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ ሰዎችን የሚለየው የመጡበት ከተማ ብቻ ይሆናል፤ የትውልድ ሐረግ የሚጠየቅበት ቦታ አያገኝም። የዩኒቨርሲቲ ግቢዎችም ይህን በተግባር ያውቁታል፤ የትምህርት ክፍሎች ውድድር ሲኖር ከተለያየ ክልል የመጡ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተሰልፈው የሕግ ተማሪዎችን ይገጥማሉ፣ ለአንድ ወር ያህልም ከትውልድ ስፍራ የተለየ ሌላ መታወቂያ ይኖራቸዋል። እነዚህ ተማሪዎች ለክረምት ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ደብረ ሲናና ወደ አጣዬ ሲመለሱ፣ በየከተማው ከቀሩት እኩዮቻቸው ጋር ቡድን አቋቁመው የክረምት ዋንጫ የሚጫወቱበት ልማድ በአገሪቱ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ የታወቀ ነው። ለቆላው ከተሞች ፉክክር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

የተለመደው አስተሳሰብ ግን ለወጣቱ ሌላ መጠጊያ አዘጋጅቶለታል። በሸዋ ሮቢት እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ በተከደኑ የዲኤስቲቪ ቤቶች ደጅ የእንግሊዝ ግጥሚያዎች ሰዓት በጠመኔ ይጻፋል፤ ወጣቶች መግቢያውን ከፍለው፣ በአግዳሚው ላይ ተጠጋግተው፣ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ማልያ ለብሰው በዚያ ሙቀት ውስጥ ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። በዚህ ፍቅር ማሾፍ አይገባም፤ ጨዋታው ድንቅ ነው፣ ደስታውም እውነተኛ ነው፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሚያቀራርበው ሰውም ብዙ ነው። ጥያቄው ይህ ደጋፊነት የጎረቤቱን ቦታ ሊተካ ይችላል ወይ የሚለው ነው። መልሱ አይችልም ነው፤ ምክንያቱም የአርሰናል ደጋፊ ማንንም አያስተናግድም፣ ማንም አያስተናግደውም። ቡድኑ ሲሸነፍ ሄዶ እጅ የሚነሣው ተጋጣሚ የለውም፤ ሲያሸንፍም አንገቱን ደፍቶ ወደ ሰንበቴ የሚመለስ እንግዳ ስለማያይ በድል ጊዜ ልክን ማወቅን አይማርም። የከፈለው ገንዘብ አንድ ኳስ፣ አንድ መረብ፣ አንድ ታኬታ ሆኖ ወደ ከተማው ሜዳ አይመለስም። የሩቁ ፍቅር ጉዳት የለውም የሚባለው ግዴታ ስለሌለው ነው፤ ግዴታ የሌለው ግንኙነት ደግሞ ምግባር አያስተምርም።

ከዚህ ጋር የከተማ ለከተማን ግጥሚያ ማነጻጸር ይገባል። ሙቀቱ በረድ እንዲል ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ይጀመራል፤ የሜዳው መስመር በኖራ ወይም በአመድ ይሠመራል፤ እንግዶቹ በሚኒባስና በአይሱዙ ጭነት መኪና ተጭነው ሲዘፍኑ ይደርሳሉ። ከመኪናው ከሚወርዱት መካከል የአካባቢው ሰው የሚያውቀው አይጠፋም፤ ግብ ጠባቂው እናቱ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ ነው፣ አጥቂው እዚሁ ከተማ አክስት አለው። አስተናጋጁ ውኃ ማቅረብ፣ የሚቀመጡበትን ማመቻቸት፣ ሲመሽም በሰላም መሸኘት ግዴታው ነው፤ ይህን ካላደረገ በሚቀጥለው ዙር እርሱ ሲሄድ የሚጠብቀውን ያውቃል። በሜዳና ከሜዳ ውጭ የሚባለው ሥርዐት፣ ማለትም ሁለት ቡድኖች አንድ ጊዜ በአንዱ ሌላ ጊዜ በሌላው ሜዳ የሚጋጠሙበት አሠራር፣ ጥቅሙ ከነጥብ ሚዛን በላይ ነው፤ ዛሬ አስተናጋጅ የሆነውን ነገ እንግዳ ስለሚያደርገው፣ እያንዳንዱን ከተማ የሌላው መያዣ ያደርገዋል።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ይህን አሠራር መተዉ ለታችኛው እርከን መጥፎ አርአያ ሆኗል። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኮቪድ ወረርሽኝና በቴሌቪዥን ሥርጭት ምክንያት ግጥሚያዎቹን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ ማካሄድ ጀመረ፤ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ፣ ፋሲል ከነማም የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሣው ከጎንደር ርቆ ነው። ለወረርሽኙ ጊዜ አሠራሩ አስፈላጊ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ሲቀጥል ግን ሊጉ የአስተናጋጅነትን ግዴታ ከክለቦች ትከሻ አወረደ፤ ደጋፊው ቡድኑን በስክሪን የሚያይ ሆነ፣ ተጋጣሚውን ደግሞ ከነጭራሹ የማያገኘው ሆነ። ሰላም ተገኘ ሲባል የተገኘው መራራቅ ነው። መራራቅ ጸጥታን ያመጣል፤ ይሁን እንጂ ሰዎች ስለማያውቁት ጎረቤት የሚያምኑት ወሬ እየከፋ የሚሄደውም በዚህ ጸጥታ ውስጥ ነው።

ገለልተኛ ሜዳ ሰላምን ያረጋግጣል የሚለው እምነትም በሌላ አገር ተፈትኖ ወድቋል። በአሜሪካ፣ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጫወቱትና ከእግር ኳስ የተለየው የአሜሪካ ፉትቦል ያደገው በዩኒቨርሲቲዎች ፉክክር ነው፤ ከእነዚህም ሐርቫርድና ዬል በ1875 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመሩት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሁለቱ በ1894 ከሁለቱም ግቢዎች ውጭ በምትገኘው በስፕሪንግፊልድ ከተማ ያደረጉት ግጥሚያ ተጫዋቾች ክፉኛ የተጎዱበት ስለ ሆነ፣ ለሁለት ዓመታት መጫወት አቆሙ። በ1897 ሲመለሱ ወደ ገለልተኛው ሜዳ አልሄዱም፤ በሐርቫርድ ሜዳ ተጋጠሙ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዬል፤ መፈራረቁም ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀጠለ። በ1905 ጨዋታው ብዙ ወጣቶችን እየገደለ መሆኑ አገሩን ባስጨነቀ ጊዜም ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሐርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ተወካዮች ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው አነጋገሩ፤ በተከታዩ ዓመት የጨዋታው ሕግ ተሻሻለ። ይከልከል የሚሉ ብርቱ ድምፆች ነበሩ፤ አገሩ የመረጠው ግን ሕጉን ማጥበቅ ነው፣ ፉክክሩም ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል።

በኢትዮጵያም ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል። በጦርነቱ ምክንያት ከሊጉ ወጥተው የቆዩ የትግራይ ክለቦች በ2017 ዓ.ም. ተመልሰዋል፤ መቐለ 70 እንደርታና ፋሲል ከነማም ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ በአንድ የግጥሚያ መርሐ ግብር ውስጥ ስማቸው ጎን ለጎን ሰፍሯል። ፉክክር የጥላቻ ሥር ቢሆን ኖሮ ይህ መመለስ የማይታሰብ ነበር። እውነቱ ግን ፖለቲካው ያፈረሰውን ግንኙነት ኳሱ ከብዙ ተቋማት ቀድሞ መቀጠሉ ነው።

እንግዲህ ለይፋት ከተሞች የሚበጀው ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራ ቆሬና ከሚሴ በየዓመቱ በሜዳና ከሜዳ ውጭ የሚጋጠሙበት የራሳቸው ውድድር ነው። ይህ በምኞት ብቻ እንዳይቀር ጥቂት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። ቡድኖቹ ከየከተማው ነዋሪ ሁሉ እንዲመረጡ እንጂ የአንድ ወገን መጠሪያ እንዳይሆኑ ያስፈልጋል። ዳኞቹ ከስድስቱ ከተሞች ውጭ መምጣት አለባቸው፤ ውድድሩን የሚመራው ኮሚቴ ደግሞ ከስድስቱም የተውጣጣ መሆን አለበት። ለእንግዳ ደጋፊ የሚደርስ ጉዳት በአስተናጋጁ ቡድን ነጥብ መቀጣት አለበት፤ እንዲህ ሲሆን ከአሥር ፖሊስ የበለጠ የሚጠብቀው ራሱ የአስተናጋጁ ደጋፊ ይሆናል። ሹማምንት በመክፈቻ ንግግር አጋጣሚውን የራሳቸው እንዳያደርጉት መድረኩ ከእነርሱ ነጻ መሆን አለበት። በምትካቸው በወሎና በይፋት አካባቢ አበጋር የሚባሉት፣ በተጣሉ ወገኖች መካከል ገብተው የማስታረቅ ክብር ያላቸው ሽማግሌዎች፣ የውድድሩ ዋሶች ሆነው ቢቀመጡ፣ ወጣቱ የሚያፍረው ሰው በሜዳው ዳር ይኖረዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጨረሻ ተቃውሞ የጸጥታ ነው፤ መንገዱ በማያስተማምንበት ጊዜ ወጣቶችን ጭኖ ወደ ጎረቤት ከተማ መላክ ግድየለሽነት ነው ይባላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፣ ሊታለፍም አይገባም፤ ጥይት በሚጮህበት ሳምንት ግጥሚያ አይታሰብም። ነገር ግን ይህ የጊዜ ጥያቄ ነው፤ የመርሕ ጥያቄ አይደለም። ገበያውም መንገዱ ሲዘጋ ይቆማል፤ ስለዚህ ግን ገበያ ጎጂ ነው፣ ለዘለቄታው ይቅር የሚል ሰው የለም። መንገዱ በተከፈተ ማግስት ሰንበቴ ገበያ ለመውጣት የሚሽቀዳደመው ሕዝብ፣ በዚያው መንገድ ለግጥሚያ እንዳይሄድ የሚከለከልበት በቂ ምክንያት የለም። እንዲያውም ነጋዴው ስለ ትርፉ ከሚያገኘው ጎረቤት ጋር የነጋዴው ልጅ ስለ ክብርና ስለ ደስታ ካልተገናኘ፣ ልጁ ያንን ጎረቤት የሚያውቀው በወሬ ብቻ ይሆናል።

ይፋት ያለፉትን ዓመታት መከራ የተቀበለችው ልጆቿ እርስ በርስ ስለ ተፎካከሩ አይደለም፤ የሚገናኙባቸው መንገዶች አንድ በአንድ ሲዘጉ ከልካይ ስለ ጠፋ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያድገው የሸዋ ሮቢት ልጅ አጣዬን የሚያውቃት በተቃጠለችበት ዜና ብቻ እንዳይሆን፣ ያጣዬም ልጅ ሸዋ ሮቢትን እንደዚሁ እንዳያውቃት፣ ሁለቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በአንድ ኳስ ላይ መፋለም አለባቸው። አንዱ ይሸነፋል፣ ይናደዳል፣ በሚመጣው ዓመት እመለሳለሁ ብሎ ይዝታል። አስተዳዳሪዎች፣ ወላጆችና የስፖርት መሪዎች ይህን ዛቻ ሊፈሩት አይገባም፤ ጎረቤቱ በሚመጣው ዓመትም በቦታው እንዲኖር የሚፈልግ ሰው ብቻ የሚናገረው ነውና፣ ሜዳውን አዘጋጅተው ቀኑን ሊቆርጡለት ይገባል።